ከብልጭታው በፊት ልኬቱ ይቅደም

ሰሞኑን በግቢያችን ውስጥ ከምግብ ቤት ሰልፍ እስከ መኝታ ቤት ድረስ መነጋገሪያ ሆኖ የሰነበተው ጉዳይ የሳይንስ ክበባችን ለዓመቱ መዝጊያ ኤግዚቢሽን ሊሠራው ያሰበው የቴስላ ጥቅል ነው። ግማሹ «መብረቅ በክፍል ውስጥ! ይህማ መታየት አለበት!» ይላል። ግማሹ ደግሞ «ኧረ ተዉ፣ ሰው ታስጨርሳላችሁ» ይላል። እኛ ለማስተማር ልምምድ ሊሙ ገነት ከርመን የተመለስን የክበቡ አባላት ከሁለቱም ወገን አይደለንም። ጥቅሉ ይሠራ ባዮች ነን። ነገር ግን የውድድሩ መዳኛ ይለወጥ እንላለን። እስካሁን በተነገረው መሠረት አሸናፊ የሚሆነው ረጅሙን ብልጭታ ያወጣው ቡድን ነው። ይህ ስሕተት ነው ብለን ስለምናምን ምክንያታችንን በዚህች የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ለመግለጽ ተነሥተናል።

ለመሆኑ የቴስላ ጥቅል ማለት ምንድን ነው? ብዙዎቻችን የምናውቀው በስልክ ካየነው ቪዲዮ ነው፤ ሐምራዊ ብልጭታ ከአንድ ምሰሶ ጫፍ እየተወረወረ ሲንጣጣ። የነገሩ ሥር ግን ብልጭታው ሳይሆን ሬዞናንስ የሚሉት ነው። ዥዋዥዌ የገፋ ልጅ ሁሉ ሬዞናንስን ያውቀዋል፤ የማያውቀው ስሙን ብቻ ነው። ዥዋዥዌው የራሱ የመመላለሻ ጊዜ አለው። ያንን ጊዜ እየጠበቁ ትንሽ ትንሽ ቢገፉት ልጁ ቅርንጫፉ ድረስ ይወጣል፤ ያለ ጊዜው በጉልበት ቢገፉት ግን እጅ ከማሳመም በቀር ፋይዳ የለውም። የኤሌክትሪክ ዥዋዥዌም እንዲሁ ነው። የሽቦው ጥቅል እንደ ክብደቱ ነው፣ ካፓሲተሩ (ራዲዮ ጠጋኞች ኮንደንሰር የሚሉት) እንደ ገመዱ ነው። ሁለቱ ሲባዙ የሚገኘው ቁጥር በጨመረ መጠን መመላለሱ እየዘገየ ይሄዳል።

በቴስላ ጥቅል ውስጥ ሁለት ዥዋዥዌዎች አሉ። አንዱ ጥቂት ዙር ያለው ወፍራም ሽቦ ከትልቅ ካፓሲተር ጋር የተያያዘ ነው። ሁለተኛው በረጅም ቱቦ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ሽቦ ነው። ሁለቱ በአንድ ምት ከተመላለሱ የመጀመሪያው ኃይሉን ለሁለተኛው እያቀበለ ቮልቱ ይከመራል። ምታቸው ከተለያየ ግን ምንም ያህል ቮልት ብንሰድበት ጥቅሉ መሞቅና መጮህ ብቻ ነው። ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1891 ይህን መሣሪያ ሲሠራ የተመረኮዘው በዚሁ ላይ ነው። ከርሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1889 እንግሊዛዊው ኦሊቨር ሎጅ ሁለት የላይደን ማሰሮዎችን አራርቆ አስቀምጦ፣ በአንደኛው ላይ ብልጭታ ሲያስነሣ ሌላኛውም እንዲመልስለት አድርጎ ነበር። ማሰሮው የሚመልሰው ግን የሽቦው ርዝመት በልኩ ሲስተካከል ብቻ ነው። እንግዲህ ታላቁ ነገር ብልጭታው አልነበረም። ብልጭታማ ዱሮም ነበረ። ታላቁ ነገር ማስተካከሉ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ሥራ እንምጣ። በልምምዱ ጊዜ ለሙከራ ያህል ሁለተኛውን ጥቅል ሠርተን ነበር። ቱቦው ለፍሳሽ የሚያገለግለው የ110 ሚሊ ሜትር ፕላስቲክ ነው። ሽቦው ሞተር የሚጠቀልሉ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቫርኒሽ የተቀባ 0.5 ሚሊ ሜትር መዳብ ነው። በቡና አገር የእሸት ቡና መፈልፈያ ሞተር ሁልጊዜ ስለሚቃጠል ሽቦውን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። በ50 ሳንቲ ሜትር ቁመት ላይ 900 ዙር ጠቀለልን። ይህ ከ310 ሜትር የማያንስ ሽቦ ነው፤ ሲመዘን ደግሞ ግማሽ ኪሎ ገደማ። አንዱ ቱቦውን ያዞራል፣ አንዱ ሽቦውን ይወጥራል፣ አንዱ ይቆጥራል። ቆጣሪውን ማናገር ክልክል ነበር።

ከዚያ ሒሳቡን ሠራን። ኢንዳክታንሱ ወደ 17.5 ሚሊሄንሪ፣ ጥቅሉ በራሱ ተፈጥሮ የሚይዘው ካፓሲታንስ ደግሞ 8 ፒኮፋራድ ገደማ ሆነ። ከነዚህ የሚወጣው ድግግሞሽ 425 ኪሎኸርትዝ ያህል ነው፤ በሴኮንድ 425,000 መመላለስ ማለት ነው። ግልገል ጊቤም ሆነ ሌላው ማመንጫ ወደ ቤታችን የሚልከው መብራት በሴኮንድ የሚመላለሰው 50 ጊዜ ብቻ መሆኑን ያስታውሷል።

በደስታ ሲግናል ጀነሬተሩን ከጥቅሉ ግርጌ አገናኘን፤ የኦሲሎስኮፑን መንካያ ደግሞ ከአናቱ ላይ ቆነጠጥነው። ድግግሞሹን ቀስ እያልን ስናሳድግ ማዕበሉ ከፍ ብሎ የታየው በ425 ሳይሆን በ270 አካባቢ ነበር። ያን ጊዜ የተነሣው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ ትዝ ይለናል። አንዱ «ዙሩን ተሳስተሃል» ይላል፤ ቆጣሪው «እኔ? ለሦስት ሰዓት ያለ ትንፋሽ የቆጠርኩት እኔ?» ይላል። ሌላው ቀመሩ ለኢንች እንጂ ለሳንቲ ሜትር አይደለም ብሎ ሒሳቡን እንደገና ጀመረ። አንዱ ደግሞ ሽቦው ከአሮጌ ሞተር የወጣ ነው አለ። ጥቅሉን ፈትተን ልንቆጥር ምንም አልቀረንም ነበር።

ያዳነን አንድ ትንሽ ነገር ነው። ከመካከላችን አንዱ መንካያውን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ጣለው፤ ጀነሬተሩ ግን እንደ በራ ነበር። መንካያው ጥቅሉን ሳይነካ ግማሽ ሜትር ርቆ እንደ ተጋደመ፣ ድግግሞሹን ሲያሳድጉት ማዕበሉ 420 አካባቢ ላይ ብድግ አለ። ሁላችንም ዝም አልን። ነገሩ ወዲያው ገባን። የመንካያው የራሱ ካፓሲታንስ 12 ፒኮፋራድ ያህል ነው። ጥቅሉ ያለው ጠቅላላ 8 ነው። እኛ መንካያውን ስንቆነጥጥበት 8ን 20 አደረግነው፤ ከዚያም 270 አነበብን፤ ከዚያም ጓደኛችንን ወነጀልን። መሣሪያው አልዋሸም። ሽቦውም ቆጣሪውም አልተሳሳቱም። የለካነው ግን ጥቅሉን ሳይሆን ጥቅሉንና መንካያውን አንድ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር እየተጫወትን ተማርን። እጅ ወደ ጥቅሉ ሲቀርብ ድግግሞሹ ይወርዳል። በርጩማው ላይ የተቀመጠ ሰው ሲነሣ ይለወጣል። የመጀመሪያው ጥቅል ከካፓሲተሩ ጋር እንደ ተያያዘ ቢቀር አንድ ጫፍ ሳይሆን ሁለት ጫፍ ይታያል፤ ስለዚህ ሁለተኛውን ብቻ ለመለካት የመጀመሪያውን መፍታት ያስፈልጋል። አናቱ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የብረት ኳስ ብናስቀምጥ 10 ፒኮፋራድ ያህል ይጨመርና ድግግሞሹ ወደ 280 ይወርዳል። ለዚህ የሚመጥን 10,000 ፒኮፋራድ ካፓሲተር ቢኖረን የመጀመሪያው ጥቅል 31.5 ማይክሮሄንሪ መሆን አለበት ማለት ነው፤ በሁለቱም በኩል ብዜቱ እኩል ነዋ! ብልጭታው ሲነሣ ደግሞ እርሱም ራሱ ካፓሲታንስ ስለሚጨምር የመጀመሪያው ትንሽ ዝቅ ተደርጎ መስተካከል ይኖርበታል። ይህን ሁሉ ያወቅነው አንድም ብልጭታ ሳናይ ነው። የተጠቀምንበት ኃይልም በደረቅ ባትሪ ሊገኝ የሚችል ነው።

ስለ አደጋው ብዙ ማለት አንፈልግም፤ አንድ ነገር ግን ሳይነገር አይታለፍም። ረጅም ብልጭታ የፈለገ ቡድን የሚሮጠው ወደ ማይክሮዌቭ ምድጃ ትራንስፎርመር ነው። ያ ዕቃ ወደ 2,000 ቮልት ይሰጣል፤ የሚያወጣው ጅረትም ልብን ለማቆም ከሚያስፈልገው ብዙ እጥፍ ነው። ልብ በአንድ አሥረኛ አምፔር ሊቆም ይችላል። «ከፍተኛ ድግግሞሽ ሰው አይጎዳም» የሚለው ወሬ ግማሹ እንኳ እውነት አይደለም። ነርቭ ስለማይሰማው ብቻ ሥጋ አይቃጠልም ማለት አይደለም፤ ደግሞም ገዳዩ ያለው በአናቱ ሳይሆን በግርጌው በኩል ነው። ካፓሲተሩ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ተሞልቶ ይቀመጣል። የብልጭታን ርዝመት በሳንቲ ሜትር እየለኩ ሽልማት መስጠት ማለት ሰልጣኙን ወደዚህ ትራንስፎርመር መግፋት ማለት ነው። አስተባባሪዎቹ ይህን አስበውት አይመስለንም።

ይሁን እንጂ ዋናው ምክንያታችን አደጋው አይደለም። ዋናው ምክንያታችን ሊሙ ገነት ላይ የገጠመን ነገር ነው።

አንድ ቀን ቅዳሜ ገበያ ውለን ስንመለስ ያረፍንበት ቤት አባወራ ተቆጥተው አገኘናቸው። ጀንፈል ቡናቸውን ለናሙና ፈልፍለው ወስደው ኖሮ አንዱ ተረካቢ «እርጥበቱ 13 ተኩል ነው፣ አልቀበልም» ብሎ መልሷቸዋል። ሌላው ዘንድ ሲወስዱት 11 ተኩል ተብሎ ተቀበሏቸዋል፤ ዋጋው ግን ዝቅ ያለ ነው። ቡናው ያው አንድ ጆንያ ነው። ቀኑም ያው አንድ ቀን ነው። «ልጆቼ፣ እናንተ ሳይንስ ተማሪዎች አይደላችሁም እንዴ?» አሉን። «ይህ ዕቃ የሚናገረው ቡናውን አይቶ ነው ወይስ እኔን አይቶ?»

አባባ፣ እንጠይቃለን ብለን ዝም አልን። ምን እንመልስ? የሬዞናንስን ቀመር ለፈተና በቃላችን እናውቃለን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በፕላዝማ የተጀመረው ዓይነት ትምህርትም አልቀረብንም፤ ሙከራው በመስኮት ማዶ እንደሚታይ ሰርግ ሲያልፍ አይተናል። ግን እኚህ አዛውንት የጠየቁን ጥያቄ የሬዞናንስ ጥያቄ መሆኑን አላወቅንም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየተረካቢው ዘንድ የሚታየው ፈጣን የእርጥበት መለኪያ በአብዛኛው ቡናን እንደ ካፓሲተር ሆድ የሚጠቀም ዕቃ ነው። ናሙናው በሁለት ብረቶች መካከል ይፈስሳል። ውኃ የኤሌክትሪክ መስክን የሚቀበልበት ቁጥር 80 ገደማ ሲሆን የደረቀ ፍሬ ቁጥር ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ስለሆነም ቡናው እርጥብ በሆነ መጠን ካፓሲታንሱ ያድጋል። ካፓሲታንስ ሲያድግ ድግግሞሽ ይወርዳል። ዕቃው ያንን ለውጥ ወደ መቶኛ ቀይሮ ያሳያል። ውኃ በዓይኑ አያይም፤ የሚያየው እኛ በመንካያው ያየነውን ዓይነት ለውጥ ነው።

መንካያው እኛን እንዳሳሳተን ሁሉ ይህንንም ዕቃ የሚያሳስቱ ነገሮች አሉ። ከማድረቂያ አልጋ ላይ ትኩሱን የታፈሰና በጥላ ቀዝቅዞ የቆየ ቡና እኩል አያነብም። ቀስ ተብሎ የፈሰሰና ተጠቅጥቆ የሞላ ናሙና እኩል አያነብም። ለበቆሎ ወይም ለስንዴ በተስተካከለ ሠንጠረዥ ላይ ቡና ቢለካ የሚወጣው ቁጥር ከንቱ ነው። ተረካቢው ሌባ ላይሆን ይችላል፤ አባወራውም ውሸታም አይደሉም። ሁለት ሰዎች አንዱን ቡና ሁለት ቦታ በሁለት ዓይነት አሞላል ለክተው ይሆናል። ወይም አንደኛው በእርግጥ አጭበርብሯል። ይህን ለመለየት የሚቻለው እንዴት እንደሚለካ በሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ቁጥሩ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ውሳኔ እርጥበቱ ከ8 በመቶ በታች ወይም ከ12.5 በመቶ በላይ የሆነ ቡና ወደ ውጭ ገበያ እንዳይላክ አባል አገሮችን ጠይቋል። 11 ተኩልና 13 ተኩል የዚህ መስመር ወዲያና ወዲህ ናቸው። የዓመት ልፋት የሚንጠለጠለው በዚህች ሁለት ነጥብ ላይ ነው።

ታዲያ እኛ የምንለው ይህ ነው። የኤግዚቢሽኑ ውድድር የሚዳኘው በብልጭታ ርዝመት ሳይሆን እያንዳንዱ ቡድን አስቀድሞ በወረቀት አስልቶ ባስገባው ድግግሞሽና በዳኞች ፊት በለካው ድግግሞሽ መካከል ባለው ልዩነት ይሁን። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነም ምክንያቱን ያገኘ ቡድን ነጥብ ያግኝ። እኛ 425 አስልተን 270 በለካንበት ቀን ከተማርነው የበለጠ በአንድ ቀን ተምረን አናውቅም፤ በዛሬው ደንብ ግን ያ ቀን ዜሮ ነው።

«ተማሪን የሚስበው ብልጭታ ነው፣ በቁጥር ማን ይሳባል?» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እውነት አላቸው። የሊሙ ልጆች እኛ በኦሲሎስኮፕ ላይ የምናየውን አረንጓዴ መስመር ለማየት አይጋፉም። ግን ልጅን የሚስብ ብልጭታ ብቻ ነው ያለው ማነው? በተግባር ያየነውን እንናገር። በእንጨት ማዕዘን ላይ፣ ጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ፣ 12 ወይም 13 ዙር ሽቦ ጠቅልለን ከአሮጌ ራዲዮ የወጣ ጣቢያ መቀየሪያ ካፓሲተር አገናኘንበት። ሌላ ምንም የለውም፤ ባትሪም የለውም፤ ከራዲዮውም ጋር በሽቦ አይገናኝም። ማታ ማታ በመካከለኛ ሞገድ በጭላንጭል የሚሰማ የሩቅ ጣቢያ ይዘን ማዕዘኑን ከራዲዮው አጠገብ አቆምንና ካፓሲተሩን ቀስ ብለን አዞርን። ድንገት ድምፁ ከሹክሹክታ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ልጆቹ ጮኹ። አንደኛዋ ካፓሲተሩን ከእጃችን ነጥቃ ራሷ ታጠፋውና ታበራው ጀመር። እርሷ በዚያች ሌሊት የሠራችው ሎጅ በማሰሮዎቹ የሠራውን ነው፤ ማንም አልተቃጠለም።

ከዚያም አልፎ መሄድ ይቻላል። አንድ ትንሽ ቆርቆሮ በትልቅ ቆርቆሮ ውስጥ ሳይነካካ ቢቆም ካፓሲተር ነው። ከማዕዘኑ ጋር ቢያያዝና መካከሉ በቡና ቢሞላ የተያዘው ጣቢያ ይሸሻል። ለምሳሌ 250 ማይክሮሄንሪ ጥቅል ላይ ጠቅላላው ካፓሲታንስ ከ112 ወደ 136 ፒኮፋራድ ቢያድግ ድግግሞሹ ከ951 ወደ 863 ኪሎኸርትዝ ይወርዳል። ይህ በራዲዮ መደወያ ላይ በዓይን የሚታይ ርቀት ነው። ደረቅ ቡና፣ ከፊል ደረቅ ቡና፣ ትኩስ ቡና፣ ተጠቅጥቆ የተሞላ ቡና እያልን መደወያው የት እንደ ቆመ በወረቀት ላይ ምልክት ብናደርግ የእርጥበት መለኪያው ምሥጢር በአንድ ክፍለ ጊዜ ያልቃል። እውነተኛውን መቶኛ ለማወቅ ደግሞ ናሙናውን መዝኖ፣ በ105 ዲግሪ ለ16 ሰዓት በምድጃ አድርቆ እንደገና መመዘን ነው፤ ለጥራት መለኪያ በዓለም የታወቀው መንገድ እርሱ ነው። የኛ ቆርቆሮ ለንግድ አይሆንም፤ ማንም አባወራ በርሱ እንዲሸጥ አንመክርም። ተረካቢውን ግን «ናሙናው ቀዝቅዟል ወይ? ሠንጠረዡ የቡና ነው ወይ? እስቲ እንደገና አፍስሰህ ለካው» ብሎ ለመጠየቅ ይበቃል።

እኛ ከዚህ ወጥተን የምንመደበው ላቦራቶሪ ወደሌለው ትምህርት ቤት ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር አይጠብቀንም፤ ቆርቆሮ፣ የተበላሸ ራዲዮና ቡና ግን አይጠፋም። የቴስላውን ጥቅል እንሥራ፤ እንለካው፤ የተለካውን ጥቅል ደግሞ የኤሌክትሪክ መምህራችን ባሉበት፣ በገመድ በታጠረ ቦታ፣ አንድ ጊዜ እናብልጨው። ከዚያ በፊት ግን የዳኝነቱ ደንብ ይለወጥ። የክበቡ አስተባባሪዎች መልሳቸውን በዚሁ ግድግዳ ላይ እንዲሰጡን እንጠይቃለን፤ ካልተስማሙም ምክንያታቸውን ይጻፉልን፣ እንከራከር።

እስከዚያው በሚመጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፊዚክስ ክፍል የመለኪያ ሙከራ እናደርጋለን። የተበላሸ ራዲዮ ያለው ያምጣ፤ ጣቢያ መቀየሪያውን ብቻ ነው የምንወስደው፣ ቀሪውን እንመልሳለን። ከቤቱ ቡና የሚመጣለትም አንድ አንድ ጣሳ ደረቅና ጥሬ ቢያመጣልን ደስ ይለናል፤ ከሙከራው በኋላ ይቆላል። ስትገቡ ግን ከጥቅሉ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ በሉልን፤ ስትቀርቡት ድግግሞሹ ይወርድብናል።